ሁለት ሰው ይበቃል

አብሮ አደጌ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አምስተኛ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን "አቁሜያለሁ" ብሎ የቀረውን መጠጥ ሁሉ ደፋ። በማግስቱ እጁ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተው፤ ላብ አጠመቀው፤ ሌሊት ላይ እየተንዘፈዘፈ ወደቀ። ሆስፒታል የነገሩንን ለእናንተም ላድርስ፦ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በራሱ ውሳኔ በድንገት ቢያቆም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሐኪሙ ግን ሰውነቱን ካረጋጋ በኋላ ያሰናብተዋል፤ ማታ ሲመጣ፣ እግሩ ወደለመደው ቤት ሲያመራ፣ አብሮት የሚሆን ሰው ያስፈልገዋል።

ያንን ሰው ፍለጋ ነው አንድ ማታ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የወረድነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ስብሰባ ነበር። "ብቻዬን አልገባም" ስላለኝ፣ ለማንም ክፍት የሆነውን ስብሰባ መርጠን ከጎኑ ተቀመጥኩ። ታጣፊ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ቡና፣ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው። መዝጋቢ የለም፤ ክፍያ የለም፤ ቅርጫት ሲዞር የፈለገ ይጥላል። ሰው የራሱን ስም ብቻ ይናገራል፣ የአባቱን አይጠየቅም። አባል ለመሆን የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው።

ተራው ሲደርስ ስሙን ተናገረና እንደ ሌሎቹ "አልኮሆሊክ ነኝ" አለ። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ምንም አልከበደኝም" አለኝ። "ቃሉ የኔ አይደለማ! በአማርኛ በል ብትለኝ ከአፌ አይወጣም።"

እውነቱን ነው። አማርኛው ሰካራም ነው፤ ሰካራም ደግሞ ስድብ እንጂ የሕመም ስም አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ተመላለሰ፤ ያ ስብሰባም ከመጠጥ ጠበቀው፤ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን አባቱ አዲስ አበባ ሲሞቱ ወረቀት ስላልነበረው መቅበር አለመቻሉን፣ ጠርሙስ የለመደውም በዚያ ሐዘን መሆኑን እዚያ አንድ ቀን አልተናገረም። "ለቅሶ እንዴት ይተረጎማል?" አለኝ።

እኛ ማኅበር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ እንኳ እድር አለን፤ እቁብ አለን፤ የጽዋ ማኅበር አለን። ከመጠጥ ጋር ለሚታገለው ወንድማችን ግን ያዘጋጀንለት ነገር ቢኖር በየሠርጉና በየልደቱ "አንዲት ብቻ፣ ለኔ ስትል" የሚል ግብዣ ነው። እሱም "ስሜ ይጠፋል" ብሎ ይደበቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ የሚደብቀው ግን ከማን ሆኖ ነው? ከእኛ ነው።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ራሱ የተጀመረው አንድ ሰው ሰው ሲፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ በሄደባት በአክሮን ኦሃዮ ሥራው አልቀናው ብሎ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው፤ የቡና ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል። ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንስቶ፣ እንደሱ በመጠጥ የሚሰቃይ ሰው እንዲያገናኙት አብያተ ክርስቲያናትን ጠየቀ። በዚህ መንገድ ከቀዶ ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኙ። ሐኪሙ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብሎ መጥቶ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ፤ አንድ ቋንቋ የሚናገር ሰው አግኝቷላ። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ መጠጥን ፈጽሞ በመተው ረገድ የማኅበሩ መንገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ አረጋግጧል።

"ጸበል ይበቃዋል" የምትሉ አላችሁ። ጸበሉን ይጠመቅ፤ ንስሐ አባቱንም ያማክር። ከጸበል መልስ ያለውን ማታ ግን ከማን ጋር ያሳልፈው?

በአማርኛ እንዲህ ያለ ስብስብ ለመጀመር ሕንፃ መከራየት፣ ቦርድ መምረጥ አያስፈልግም። በማኅበሩ ልማድ መጠጥ ለመተው የተሰባሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሱሰኞች ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። የቤተሰቡም ሸክም አልተረሳም፤ አል-አነን የሚባለው ማኅበር ከ1951 ጀምሮ ለሚስት፣ ለባል፣ ለእናት የቆመ ነው።

በአራተኛው ወር አንድ ማታ በሩ ተከፈተና አንድ ያገራችን ሰው ብቅ አለ። አየንና ደነገጠ፤ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ጓደኛዬ ተከትሎት ሮጠ። ስብሰባው አልቆ ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ በብርድ ቆመው በአማርኛ ያወራሉ። ሰውየው እያለቀሰ ነበር። መኪና ውስጥ ገብቼ ጠበቅኳቸው።

ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሦስተኛ ፎቅ ይገናኛሉ፤ ሦስት ሆነዋል። የሚያወሩትን አላውቅም፤ የኔ ቦታ አይደለም። እኔ ሻዩን አፍልቼ፣ ብርጭቆዎቹን ደርድሬ፣ በሩን ዘግቼ ወደ አምስተኛ ፎቅ እወጣለሁ።