ወመህ ለመዋጮ ብቻ አይጠራ

አዳማ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ያስተምራሉ። የ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። የትምህርቱን ይዘት በተመለከተ ግን ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መጽሐፉ ልጁ ቦርሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ወላጅን ቀድሞ አለማማከር ዋጋ ያስከፍላል። በ2015 መጀመሪያ ወራት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ሳቢያ የተነሣው ውዝግብ መማር ማስተማሩን አስተጓጉሎ ነበር። አዳማን፣ ሞጆን፣ ባቱንና ሻሸመኔን የመሳሰሉ ብዙ ቋንቋና ሃይማኖት ያሉባቸው ከተሞች ከዚያ ሊማሩ ይገባል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተፅዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ደግሞ ለልጆች የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት በመምረጥ ረገድ ለወላጆች ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ መብት ግን የጎረቤትን ቋንቋ ወይም ታሪክ ከመጽሐፍ የማስፋቅ ሥልጣን አይደለም። ሥርዓተ ትምህርት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለሙያውም ወላጅን ማዳመጥ አለበት።

የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) የሚታወሰው ወንበር ሲጎድልና አጥር ሲፈርስ ብቻ ሊሆን አይገባም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ረቂቅ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ለወላጅ ያሳዩ፤ ቅሬታውንም በጽሑፍ ተቀብለው በጽሑፍ ይመልሱ። ወላጅም ጥያቄውን ይዞ ወደ ስብሰባው ይሂድ እንጂ ልጁን ወደ ግጭት አይላክ።