ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ

ውድ የማንያታ ነዋሪዎችና በጎ ፈቃደኞች፣

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሞያሌ ሸሽተው ወደ ኬንያ የተሻገሩ ወገኖች ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የትኛው ሕክምና እንደሚረዳ የሚታወቀው ደግሞ በጥናት ነው። ታዲያ ጥናት ሲባል ለምን እንሸሻለን?

አንደኛ፣ «አበደ» መባልን እንፈራለን። ሁለተኛ፣ እንቢ ካልን ራሽን የሚቀርብን ይመስለናል። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ በማናውቀው ቋንቋ ይመጣል፤ ተራ መጠበቁም የቀን ሥራ ያስቀራል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የነዋሪው አይደለም።

ሆኖም መቅረትም ዋጋ አለው። በኡጋንዳ ራይኖ መጠለያ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበት የጭንቀት መቋቋሚያ ትምህርት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ትምህርቱን የወሰዱት ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ወንዶች ግን አልነበሩበትም። ስለዚህ ለወንዱ ይርዳው አይርዳው ከዚያ ጥናት ማወቅ አይቻልም።

በጎ ፈቃደኞች፣ ሰው አትጎትጉቱ፤ በቋንቋው አስረዱት። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት «ምን ይደረግልኛል? ስሜን ማን ያያል? ባቋርጥስ ሕክምናዬ ይቀጥላል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንቢ ማለትም ሆነ ጀምሮ መተው መብታችሁ ነው። ራሽናችሁን መያዣ የሚያደርግ ቢመጣ አትፈርሙ።