ቀጭኑ መጋዝ ሲያስቸግር

በዛሬው የቤት ሙያ ዓምዳችን የምንነጋገረው ፈረንጆች ስክሮል ሶው ስለሚሉት፥ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ቀጭን መጋዝ ነው። የዚህ መጋዝ ምላጭ ከላይና ከታች ተወጥሮ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ፥ የሚጠማዘዘውን መስመር ሁሉ ተከትሎ ይቈርጣል፤ ስለዚህም ለሥዕል ክፈፍ፥ ለልጆች መጫወቻና ለእንጨት መስቀል ጌጥ የተመቸ ነው።

አንድ ቀን ከዋንዛ ሳንቃ ክፈፍ ስቈርጥ፥ እንጨቱ ከጠረጴዛው ላይ እየዘለለ ጣቴን ሊያስቈርጠኝ ጥቂት ቀረው። መኪናው ተበላሽቷል ብዬ ሞተሩን ልፈታ ስነሣ፥ በእንጨት ሥራ የሸመገሉ አንድ ጎረቤቴ ጎንበስ ብለው አዩና፤ «ልጄ፥ ሞተሩ ምን በደለህ? ምላጩን እኮ ገልብጠህ አስገብተኸዋል» አሉኝ። እውነትም የምላጩ ጥርስ ወደ ላይ ያይ ነበር። መልሼ ባስገባሁት ጊዜ መጋዙ በጸጥታ ሠራ። በመኪናው ከምናሳብበው ችግር አብዛኛው ከምላጩና ከእጃችን እንደሚመጣ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ መጋዙ ባስቸገረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሶኬቱን መንቀል ይገባል። ቀጥሎ ምላጩን መመርመር ነው። ጥርሱ ወደ ታች፥ ወደ ጠረጴዛው ማየት አለበት። ውጥረቱም እንደ ክራር ክር ነው፤ በጣት ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ፥ ወደ ጎን ሲገፉትም ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ካልሄደ በቂ ነው። የላላ ምላጭ ከመስመር ይወጣል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ይበጠሳል። እንጨቱን በኃይል መግፋትም ምላጭን ይሰብራል።

ምላጩ ከመያዣው እየሾለከ ቢያስቸግር፥ በአዲስ ምላጭ ላይ የሚገኘው ቅባት ይሆናልና ጫፎቹን በአልኮል ጠርጎ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት፥ የመያዣውንም ብሎን ማጽዳት ነው። እንጨቱ እየጠቈረ ከተቃጠለ ምላጩ ደንዟል፥ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። በተለይ እንደ ወይራ ያለውን ጠንካራ እንጨት ስንቈርጥ ፍጥነቱን መቀነስ፥ ምላጩንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ምላጭ ለመቈጠብ ሲሉ መልካም ሳንቃ ማበላሸት ቍጠባ አይደለም።

የተቈረጠው ጠርዝ ዘንበል ካለ ጠረጴዛውን እንፈትን። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቍራጭ እንጨት ላይ ጥቂት ቈርጠን መኪናውን እናጥፋ፤ ከዚያም እንጨቱን ወደ ምላጩ ጀርባ አዙረን እናስጠጋው። ምላጩ በቍርጡ ውስጥ ያለ ችግር ከገባ ጠረጴዛው ልክ ነው፤ ካልገባ የጠረጴዛውን ማጥበቂያ ፈትቶ ማስተካከል ነው።

መኪናው ሲንቀጠቀጥ ከሥራ ጠረጴዛ ጋር በብሎን ማጥበቅ ይገባል። ሰጋቱራውን ከሥራ በኋላ በብሩሽ መጥረግ፥ የብረቱንም ጠረጴዛ እንዳይዝግ በሰም ማሸት መልካም ነው። ዘይት ግን መመሪያው በሚያሳየው ስፍራ ብቻ ይደረግ። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ መኪና 120 ቮልት የሚፈልግ ሊሆን ስለሚችል፥ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ከመሰካቱ በፊት በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል።

በሥራ ጊዜ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አይለዩን፤ ነጠላም ሆነ ሰፊ እጅጌ ወደ መጋዙ አይቅረብ፤ ልጆችም ያለ ታላቅ ሰው አይንኩት። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ እንጨቱ ሲዘል ካቻቢቴ ይዞ ወደ ሞተሩ ከመሮጥ በፊት ጎንበስ ብሎ የምላጩን ጥርስ ማየት ይሻላል።