ቁጣ ወደ ቅርስ ሲዞር፦ ከፓሪስ እስከ ሞጣ

ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ሁለት ሴቶች በሞናሊዛ ሥዕል ላይ ሾርባ ረጩ። የጠየቁት ጤናማ ምግብ የማግኘት መብትን ሲሆን፣ የአገራቸው የግብርና ሥርዓት መታመሙን በአደባባይ ተናግረዋል። በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ ገበሬዎች መንገድ በትራክተር ዘግተው ነበር። ሥዕሉ ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ ስለሚገኝ አልተነካም። ጥቅምት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የቲማቲም ሾርባ የተደፋበትን የቫን ጎህን የሱፍ አበባ ሥዕልም ያዳነው መስታወት ነው፤ ክፈፉ ግን ተጎድቷል።

የኢትዮጵያውያን ቅርስ እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በለንደን ዊምብልደን የነበረው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ የተቀረጸው ሐውልታቸው በተቃዋሚዎች ተሰባብሯል። በዚያው ሰሞን የራስ መኰንን ሐውልት ሐረር ላይ ፈርሷል።

ሞጣም የቁጣን ዋጋ ታውቃለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በከተማዋ መስጊዶችና የሙስሊም ነዋሪዎች ሱቆች ተቃጥለዋል። ይህ ሰላማዊ ተቃውሞ ሳይሆን በወገን ላይ የተፈጸመ ጥቃት ነው። ሆኖም አካሄዱ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ቁጣ መልስ ሊሰጥ የሚችለውን አካል ትቶ ራሱን መከላከል በማይችል ነገር ላይ ሲያርፍ ጥያቄው ይረሳል፣ ጥፋቱ ግን ይቀራል።

ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምንና መርጡለ ማርያምን የመሳሰሉ ጥንታዊ አድባራት ይገኛሉ። በብዙ የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የሚሣለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ውኃ ሲነካው ጨርቁ ይላቀቃል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። ከፊቱ ያለው መስታወት ሳይሆን መጋረጃ ነው፤ ጠባቂዎቹም ቄሰ ገበዙና ምእመኑ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አንድ እፍኝ ጭቃ በፓሪስ ከተረጨው ሾርባ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠበቅ የባለይዞታውም ኃላፊነት እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን በተግባር ለማዋል የሚጠይቀው ወጪ ብዙ አይደለም። እያንዳንዱን ሥዕልና መጽሐፍ ፎቶግራፍ አንስቶ መመዝገብ፣ መዝገቡንም ከአንድ በላይ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ወሬ ሲናፈስ ካህናት፣ ሼሆችና የአገር ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ደጃፍ አብረው እንዲቆሙ አስቀድሞ መመካከር ደግሞ ከመስታወት የማይተናነስ ጥበቃ ነው።

ተቃውሞ ራሱ ነውር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአፈር ማዳበሪያ ያጡ አርሶ አደሮች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። አቤቱታው የቀረበው መልስ መስጠት ለሚገባው የመንግሥት አካል ነበር። የዘር ወቅት ያለ ማዳበሪያ ያለፈበት ገበሬ ሊቆጣ ይገባዋል፤ አያቶቹ ያቆዩለትን ሥዕል ቢያጣ ግን ማሳው አንዲት ኩንታል አይጨምርለትም።