«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» የሚሉ አባትና የካውንስሉ ወረቀት

ለንደን ውስጥ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ሰው እስኪበተን ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነሳው። «እናቴ ኬር ሆም መግባቷ ነው። ካውንስሉ እኛ ለመረጥነው ቦታ ሙሉውን አልከፍልም ብሏል። ወንድሜ ደግሞ ‹እናትህን ልትጥል ነው› ብሎ አኩርፎኛል። ምን ይሻለኛል?»

እዚህ ውስጥ ሁለት ጠብ አለ፤ አንዱ ከካውንስሉ ጋር፣ ሌላው ከወንድም ጋር። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ከአንድ ቦታ ነው፦ የወላጃችንን ሁኔታ እንዳለ ካለመናገር።

በእንግሊዝ ይህ ጉዳይ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ኬር አክት በሚባለው ሕግ ነው። እንክብካቤ የሚያስፈልገው የሚመስልን አዋቂ ሁሉ፣ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም፣ ካውንስሉ ፍላጎቱን የመገምገም ግዴታ አለበት። የገንዘብ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ የግምገማው ቀን በብዙዎቻችን ቤት ምን ይመስላል? አባታችን በጠዋት ታጥበው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ይጠብቃሉ። ሶሻል ወርከሯ ትጠይቃለች። «ራስዎን ችለው ይታጠባሉ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ሌሊትስ ይቸገራሉ?» «አላህ ይመስገን፣ ምንም አልል።» የሚያስተረጉመው ልጃቸው ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሳ እንደሚደግፋቸው፣ ባለፈው ሳምንት ምድጃ ለኩሰው ረስተው እንደነበር ያውቃል። ግን አባቱ ፊት እንዴት ብሎ ይናገር? ሶሻል ወርከሯ የሰማችውን ጽፋ ትሄዳለች። ከወራት በኋላ አባት ወድቀው ሆስፒታል ሲገቡ ቤተሰቡ ካውንስሉን ይከሳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን «ራሳቸውን ችለዋል» የሚል ነው።

ምስጋና ኢማን ነው፤ የጤና ሪፖርት ግን አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በታመሙ ጊዜ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ሊጠይቃቸው ገብቶ ትኩሳቱ እንደበረታባቸው ሲያነሳ፣ የሁለት ሰው ያህል እንደሚያማቸው እንደነገሩት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሕመምን ለሚመለከተው ሰው መግለጽ ሶብርን አያፈርስም። የወላጅን ሁኔታ በትክክል መመስከርም በእኛ ላይ ያለ አማና ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የአንድ ሳምንት ውሎና አዳር ጻፉ፤ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ማን አጠባቸው፣ መድኃኒት ማን ሰጣቸው። አስተርጓሚ እንዲመደብ ጠይቁ። ልጅ ሲያስተረጉም አባትም ያፍራሉ፣ ልጅም ያለሳልሳል። በወላጅ ፊት ለመናገር የሚከብደውን ለሶሻል ወርከሯ ለብቻ ንገሯት። የግምገማውን ቅጂ ተቀብላችሁ የጎደለው እንዲታረም በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህ ወረቀት ዋጋው የሚታወቀው ስለ ክፍያ ክርክር ሲነሳ ነው። ካውንስሉ የተገመገመውን ፍላጎት ለማሟላት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ይተምናል፤ የግል በጀት ይባላል። ቤተሰቡ ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ኬር ሆም ከመረጠ ልዩነቱን ብዙውን ጊዜ ልጆች ይሸፍናሉ። ቶፕ አፕ የሚባለው ይህ ነው። ሆኖም በበጀቱ ውስጥ ፍላጎቱን የሚያሟላ ቢያንስ አንድ ቦታ ማቅረብ የካውንስሉ ግዴታ ነው። ከሌለ በጀቱን ይጨምራል እንጂ ልጆችን ቶፕ አፕ ክፈሉ ብሎ ማስገደድ አይችልም።

ቁልፏ ቃል «ፍላጎት» ናት። ሐላል ምግብ፣ ለውዱእና ለሶላት የሚደረግ እገዛ፣ እናትን የምታጥብ ሴት ተንከባካቢ፣ በመርሳት ሕመም እንግሊዝኛዋ ጠፍቶባት አማርኛ ብቻ ለቀረላት እናት የሚያናግራት ሰው፤ እነዚህ ግምገማው ላይ እንደ ፍላጎት ከሰፈሩ የቀረበው ቦታ በእነርሱ ይመዘናል። ካልሰፈሩ «የቤተሰቡ ምርጫ» ተብለው ቶፕ አፕ ያስጠይቃሉ። በምግብ በኩል ኬር ሆሞች የነዋሪውን ሃይማኖትና ባህል ከግምት እንዲያስገቡ ደንብ ያስገድዳቸዋል። የምንመኘው ሁሉ ግን ፍላጎት አይባልም። የትኛው ለወላጃችን ደኅንነት የግድ እንደሆነ፣ የትኛው ለእኛ ምቾት እንደሆነ ለይተን እንናገር።

አማና ግን በሁለቱም በኩል ይሠራል። ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው በመደበኛው አሠራር ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ ከ14,250 በታች ያለው ከገቢው ብቻ ይከፍላል። እነዚህ መጠኖች ከ2010 ጀምሮ ለዓመታት ሳይጨምሩ ቆይተዋል። መኖሪያ ቤት የትዳር ጓደኛ ወይም 60 ዓመት የሞላው ዘመድ የሚኖርበት ከሆነ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ያለ ቤት ግን «ሩቅ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ በውጭ አገር ያለ ንብረትም ግምገማው ውስጥ ይገባል። ከክፍያ ለማምለጥ ቤቱን በአንድ ልጅ ስም ማዞር ካውንስሉ ንብረቱ አሁንም የወላጅ እንደሆነ አድርጎ እንዲቆጥረው በር ይከፍታል። «ሰባት ዓመት ካለፈ አይነካም» የሚባለው ከውርስ ግብር የተወሰደ ወሬ ነው፤ እዚህ እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ የለም። በዲናችንም ውሸት ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአንዱ ልጅ ብቻ ለተሰጠ ስጦታ ምስክር መሆንን እንቢ ማለታቸውንም አንርሳ።

መንግሥት ያስተካክለዋል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ለእንክብካቤ የሚከፍለውን በ86,000 ፓውንድ ይገድባል የተባለው ዕቅድ በሐምሌ 2024 ተሰርዟል። በሉዊዝ ኬሲ የሚመራው ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርት የታሰበው ለ2028 ነው። የእናቶቻችን ጉልበት እስከዚያ አይጠብቅም።

ወደ ወንድማማቾቹ ጠብ እንመለስ። ወላጅ አእምሯቸው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ወሳኙ እርሳቸው ናቸው። ታላቅ ልጅ መሆን በእንግሊዝ ሕግ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም፤ ሥልጣን የሚሰጠው ወላጅ በጤናቸው ሳሉ የሚፈርሙት ውክልና ነው። ስለዚህ ውይይቱ አሁን፣ ሻይ እየተጠጣ፣ እርሳቸው እየሰሙ ይሁን። ከሩቅ ሆኖ «አታስገቧት» የሚል ወንድምም ሌሊቱን ማን እንደሚነሳ ይጠየቅ። ኬር ሆም ማስገባት በራሱ ወላጅን መጣል አይደለም። መጣል ማለት አስገብቶ መቅረት ነው። በሱረቱል ኢስራእ የታዘዝነው ትሕትናና መልካም ንግግር ቤት ሲቀየር አይወርድልንም።

ካውንስሉ ከበደለ መጀመሪያ ለራሱ ለካውንስሉ በጽሑፍ አቤት በሉ። ካልፈታው የአካባቢ መስተዳድርና የማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ በመደበኛው ችግሩን ባወቃችሁ በ12 ወር ውስጥ ማቅረብ ይገባል። ይህም ቢሆን የሚያየው የተጻፈውን ነው። የዛሬ ሐቀኛ ቃላችን የነገ ማስረጃ ነው።

አላህ ወላጆቻችን በሕፃንነታችን እንዳዘኑልን እርሱም ይዘንላቸው። ሐቃቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።