በሽታውን የሚደብቅ መድኃኒት

በአማርኛ የቆዳ በሽታ ስም አያልቅም። እከክ፣ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ችፌ፣ ለምጽ፣ ማድያት፣ ቁንጭር፣ አልማዝ ባለጭራ… አያቶቻችን በዓይናቸው እየለዩ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተው አቆይተውልናል። ፋርማሲ መስኮት ላይ ስንደርስ ግን ስሙ ሁሉ ይጠፋና መድኃኒቱ አንድ ይሆናል፤ ያቺ ትንሿ ቲዩብ። ለጭርቱም እሷ፣ ለማድያቱም እሷ፣ ለሕፃኑ ሽፍታም እሷ። "ጠዋትና ማታ ይቀቡት፣ ካልተሻለዎት ይመለሱ።" አለቀ!

ጋዜጠኝነት አጥንተን የወጣን ልጆች ነንና ሰልፍ ላይ ጆሮ መጣል ልማዳችን ነው (ሥራ ያላገኘነውም ጭምር)። በቅርቡ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ከፊታችን የነበሩ እናት ልጃቸውን ወደ መስኮቱ ገፋ አድርገው፣ "ዶክተር፣ እስቲ ይሄን አንገቱን ይዩልኝ" አሉ። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ እኛ አገር ዶክተር ነው። ባለጋወኑ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ በጨረፍታ አየና "አለርጂ ነው" አለ። ከሰላምታው እስከ ሒሳቡ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መቼ እንደጀመረው፣ ማታ ማታ ያሳክከው እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የያዘው ሰው ይኖር እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ቲዩቧ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከፈንገስ መድኃኒትና ከአንቲባዮቲክ ጋር ተደባልቆ፤ አንዱ ባይመታ ሌላው ይመታል በሚል ስሌት መሆኑ ነው። ስቴሮይድ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ለችፌ በልኩ ሲታዘዝ እፎይ የሚያሰኝ መድኃኒት ነው። ሥራው የቆዳውን ቁጣ ማብረድ ነው፤ እብጠቱን፣ መቅላቱን፣ ማሳከኩን ያጠፋል። ጣጣው ፈንገስ ላይ ሲቀባ ይመጣል። ያ ቁጣ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ነበርና እሱ ሲበርድ ፈንገሱ ከልካይ ያጣል። በሳምንቱ ማሳከኩ ይቆምና ተመስገን ይባላል። ቅባቱ ሲቋረጥ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀባል… ያ ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ማንም ባለሙያ በቀላሉ የሚያውቀው ጭርት ከወራት በኋላ ቅርጹ የጠፋና ለሐኪምም ግራ የሚያጋባ ነገር ይሆናል። የቆዳ ሐኪሞች ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ "ቲኒያ ኢንኮግኒቶ" ይሉታል፣ ማንነቱን የሸሸገ ጭርት እንደማለት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ደባቂው ራሱ መድኃኒቱ ሆኖ አረፈው!

የሚያናድደን ምርመራው ቀላል መሆኑ ነው። ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ቅርፊት ይፋቃል፣ መስታወት ላይ ይደረጋል፣ አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈንገስ ካለ ክር ክር መስሎ ይወጣል። ማይክሮስኮፑ ደግሞ ከውጭ እስኪገባ የምንጠብቀው ዕቃ አይደለም፤ ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተብሎ በየጤና ጣቢያው የተቀመጠው ይበቃል። ልዩነቱም ትልቅ ነው። ገላ ላይ ያለ ጭርት በፈንገስ ቅባት ይድናል፤ ልጆች ራስ ላይ ወጥቶ ፀጉር የሚያረግፈው ግን ሥሩ ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ስንት ልጅ ነው ራሱን እየተላጨ፣ እየተቀባ፣ ክፍል ውስጥ እየተሳቀበት ዓመት የሚገፋው?

እከክ ደግሞ ማይክሮስኮፕም ብዙ ጊዜ አያስፈልገው፣ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። ማታ ይብሳል ወይ? በጣቶችህ መሀል፣ በእጅ አንጓህ አለ ወይ? ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የሚያክ አለ ወይ? ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ዛሬ የማያክከው ወንድምም ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ መድኃኒቱ ውኃ ላይ እንደመጻፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች እከክ እንደ ወረርሽኝ ሲዛመት አይተናል። ውኃ የለም፣ ልብስ የለም፣ በአንድ ቁርበት ላይ ስድስት ሰው ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እስከዚያ ምን ነበር? "እከክ ብቻ" ነበር።

ከሁሉ የከፋው ሥጋ ደዌ ነው። አለርት አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ነገር ተሠርቷል፣ ዛሬም ግን በአገራችን በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። መነሻው ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ያለ፣ የማያሳክክ፣ የማያም ነጥብ ነው። አለማመሙ ነው ምልክቱ! በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጎ "ተሰማህ?" ማለት ብዙውን ነገር ይነግራል። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ያድናል። ነገር ግን በየፋርማሲው ቲዩብ ሲለዋወጥ የጠፋው ጊዜ የገደለው ነርቭ፣ የታጠፈው ጣት፣ ተመልሶ አይመጣም። ጥጥ እንኳ ጠፋ እንዴ?

እዚህ ላይ እኛን ሴቶቹን የሚነካ ነገር አለ። ይህችው ቲዩብ መዋቢያ መሸጫ ሱቅ ውስጥም ከሻምፖ ጎን ተደርድራለች፤ "ፊት ታጠራለች" ተብሎ ነው። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ታጠራለች። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ይወጣል፣ ደም ሥሩ ይታያል፤ ልተወው ሲሉ ፊት ይቃጠላል፣ ስለዚህ ይመለሱባታል። ስለ ቅላት ያለንን አባዜ ለሌላ ቀን እናቆየው፣ ብዙ ያስወራል።

ቅላት ካልን አይቀር፣ የሕክምና መጻሕፍቱም ነገር አለ። "የቀላ ሽፍታ" ይላሉ፣ ፎቶውም የነጭ ቆዳ ነው። እኛ ቆዳ ላይ ግን ያው ሽፍታ ቡኒ፣ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2020 ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ ለንደን የሚማር የሕክምና ተማሪ ይህ አብግኖት ከመምህራኑ ጋር በጥቁር ቆዳ ላይ ምልክቶች ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀ። ተማሪ ነው'ኮ! ሰማንያ ሚሊዮኑን አልፈን ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆንን ሕዝብ የራሳችንን ፎቶ የያዘ መማሪያ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ መለጠፍ ያቅተናል?

የቆዳ ስፔሻሊስት ጥቂት ነው፣ ያሉትም ትልልቅ ከተማ ነው የሚባለውን እናውቃለን። ፋርማሲስቱም ቢሆን እሱ ባይሸጥ ጎረቤቱ ይሸጣል፤ እሱን ብቻ መርገም ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ የምንለው ግን ለጭርት ስፔሻሊስት አያስፈልግም ነው። ታንዛኒያ ሞሺ ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ከየአገሩ ተቀብሎ እያሠለጠነ ወደየገጠሩ መልሷል። የእኛ ጤና መኮንንና ነርስ ምን ያንሳቸዋል? በሌላ በኩል ሕንድን እንይ። ቲዩብ እንደ ከረሜላ ሲሸጥ ኖሮ መድኃኒት የማይበግረው ጭርት አገር ምድሩን አዳረሰ፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 14 ዓይነት የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ አገደ፣ ግን ፈንገሱ ቀድሞት ነበር። ያ ፈንገስ አሁን በሌሎች አገሮችም እየተገኘ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች የዓለም የጤና ቅድሚያ ናቸው የሚል ውሳኔ አሳልፏል፤ ውሳኔው ቀበሌያችን እስኪደርስ ግን መስኮቷ ክፍት ናት።

እስከዚያው፣ ቤታችሁ ያለችውን ቲዩብ አውጥታችሁ ከንግድ ስሙ በታች በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ። ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን፣ ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቲዩቧን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለስንት ጊዜ እንደተቀባችሁም ንገሩ። የሚያያችሁ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ "አለርጂ ነው" ካለ ደግሞ፣ በትህትና፣ "ቅርፊቱን ፍቀው ቢያዩልኝስ?" በሉ።