ጥንቸሏ ጎመን እምቢ ካለች ጠዋት ምን በላች?

«ጥንቸላችን ጎመን አትበላም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት ምን በላች? ብዙ ጊዜ መልሱ ዳቦ ነው። ዳቦ ካልሆነ ብስኩት፣ ብስኩት ካልሆነ የደረቀ እንጀራ። ዳቦ ጠግባ የተኛች ጥንቸል ጎመን ብትንቅ ምኑ ይገርማል? መራጭነት የእንስሳዋ ጠባይ ነው የሚለውን ነገር እኔ አልቀበለውም። ያስለመዳት ቤቱ ነው፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሰበታም ሂዱ ቡራዩ፣ ሱሉልታም ሂዱ ተጂ፣ ስለ ላም ቀለብ የሚያማክራችሁ ሰው አታጡም። ፋጉሎው፣ ፉርሽካው፣ አተላው በምን መጠን መደባለቅ እንዳለበት ጎረቤቱ ሁሉ የራሱ አስተያየት አለው። ስለ ጥንቸል ግን ከአያት የወረደ እውቀት የለንም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ጥንቸል አትበላም፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ነው ብሎ ከልክሏታል። ለሥጋ ስላልረባች የአረባብ ልማድም ሳይወጣላት ቀረ፤ የልጆች መጫወቻ ሆና ግቢ ውስጥ ትዘላለች። (እዚያው ምዕራፍ ላይ ከሚያመሰኩ እንስሳት ጋር መቆጠሯ ሁሌም ይገርመኛል። ጥንቸል እንደ በሬ አታመሰኳም። ነገር ግን ከራሷ በጠጥ ለስላሳውን መርጣ መልሳ ስለምትበላው ምግቡ አንጀቷ ውስጥ ሁለቴ ያልፋል። ልጆች ይህን አይተው ቢጸየፉ፣ ጤነኛ ስለሆነች ነው በሏቸው።)

ሰፈራችን ውስጥ ነጭ ጥንቸል ያለው አንድ ልጅ አለ። «ጋሼ፣ ዳቦ ሳሳያት በሁለት እግሯ ትቆማለች እኮ!» ይለኛል በኩራት። እውነቱን ነው፣ ትቆማለች። አጠገቧ ከትናንት የቀረ ጎመን ጠውልጎ ተኝቷል። ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ሰርዶ ነቅዬ፣ አፈሩን አራግፌ ዘረጋሁላት። አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች፣ ተመልሳ መጣች፣ ከዚያ የአንዱን ዘለላ ጫፍ ነከሰች። አገጯ ወደ ጎን እየተመላለሰ፣ ረጅሙ ዘለላ ሳይቋረጥ ቀስ በቀስ ወደ አፏ ገባ። ልጁ ከዚያ በፊት ሣር ሰጥቷት አያውቅም ነበር። ማን ነግሮት!

ያ ወደ ጎን መፍጨት ለጥንቸል የሕይወት ጉዳይ ነው። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ የፊቶቹ በሳምንት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይረዝማሉ። ሣር እየፈጨች ካልሞረደችው ጥርሱ ጠሞ ጉንጯንና ምላሷን ይወጋል። ዳቦ አፍ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል እንጂ አያስፈጭም፤ ሆድ ከደረሰ በኋላም ይቦካል። ስለዚህ ስለ ጎመን ከመጨነቅ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ የድርቆሽ ነው። ጥንቸል ከምትበላው አሥር እጅ ስምንቱ ያህል ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት፤ አትክልት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በዚህ በኩል የእኛ ከተሞች ሰው ዕድለኛ ነው። የአዲስ አበባን ላሞች የሚቀልበው ድርቆሽ ብዙው ከሱሉልታ ሜዳ ነው የሚመጣው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ታስሮ በአይሱዙ ይጫናል። ለአንዲት የፈረንጅ ላም የጥቂት ቀን ቀለብ የሆነው አንድ እስር ጥንቸልን ለረጅም ጊዜ ያሰነብታል። ስትገዙ አፍንጫችሁን አስጠጉበት፤ የሻገተ ከሸተተ ይቅርባችሁ። በተጂ በኩል ከበቾ ሜዳ የሚገኘው የጤፍ ጭድ ደግሞ ለመኝታ ተስማሚ ነው። ብታኝከውም ግድ የለም፣ ድርቆሹን ግን አይተካም።

ውጭ አገር ካሉት የዘመዶቻችን ልጆች ከጥንቸል ሌላ ጊኒ ፒግም የሚያሳድጉ አሉ። ከአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ ጅራት የሌላት፣ ስትራብ የምታፏጭ ፍጥረት ናት፤ እኛ አገር የሚያውቋት በአብዛኛው የላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው። የእሷ «አልበላም» ከጥንቸሏ የከፋ ነው። ጥንቸል ቫይታሚን ሲን ራሷ በሰውነቷ ትሠራለች፤ ጊኒ ፒግ ግን እንደ ሰው ከምግብ ካላገኘችው አለቀላት። ዓለም ይህን የተረዳው በእሷው ስቃይ ነው። አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ ኖርዌያውያን፣ ቤሪቤሪ ስለተባለ ሌላ በሽታ ሲያጠኑ፣ ጊኒ ፒጎችን እህልና ዳቦ ብቻ ቀለቧቸው። እንስሳቱ የተያዙት ባልታሰበው፣ ቫይታሚን ሲ ሲጎድል በሚመጣው በስከርቪ ሆነ። ትኩስ ጥቅል ጎመንና የሎሚ ጭማቂ ሲሰጣቸው ግን በሽታው ራቃቸው። ውጤቱ የታተመው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። የሰፈራችን ልጅ በፍቅር የሚያቀርበው ዳቦ እነሱ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሽታ ማስያዣ ነበር።

የውጭ መጻሕፍት ለጊኒ ፒግ ቃሪያ ስጡ ሲሉ የፈረንጁን፣ ያንን ትልቁንና የማያቃጥለውን ማለታቸው ነው። የእኛን ቃሪያ የሰጠ ሰው እንስሳዋን ያሰቃያል። በቫይታሚን ሲ ከሆነ ደግሞ የሐበሻ ጎመን አያሳፍርም፤ የትውልድ አገሩም ይኸው የእኛው ደጋ ነው። ቆስጣ ግን አልፎ አልፎ ይበቃል፣ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ሲበዛ ጥሩ አይደለም። ካሮት እንደ ከረሜላ ቁጠሩት፤ ስኳር ነው። የካሮቱን ቅጠል ግን ጉልት ላይ ሴቶቹ ቆርጠው ይጥሉታል፣ ለምኖ መውሰድ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ፈጽሞ አይሰጥም። በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ውኃ የበቀለ ቅጠል ከሆነ ደግሞ ለጥንቸል ቀርቶ ለራሳችሁም አስቡበት።

ታዲያ ጥንቸሏ ጎመኑን እንዴት ትልመድ? በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እርጉዝና የምታጠባ ጥንቸልን የጥድ ፍሬ ሲቀልቧት፣ ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ ከሌላው ምግብ ይልቅ ጥዱን መርጠው አገኟቸው። ከሰበታ በላይ ባለው የሱባ ደን የሞላውን የሐበሻ ጥድ እያየሁ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ያ መራራ ጥድ እንኳ ከእናት ከመጣ ይጣፍጣል! እንግዲህ ዳቦ ስትበላ ከኖረች እናት የተወለደች ጥንቸል ጎመንን ምን ብላ ታውቀው?

ከእናቷ ያላገኘችውን እናንተ ልታስለምዷት ነው። ጥንቸል የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስለሆነ ቅጠሉ የሚቀርበው ያኔ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ያቀረባችሁት ይጠወልጋል። አዲሱን ቅጠል አድቅቃችሁ ከምትወደው ጋር ቀላቅሉት፣ በሶብላ ካለ ሽታው ይጠራታል። በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት፣ ያውም በጥቂቱ። ጎመኑን መሬት ከመጣል ከሽቦው ላይ አንጠልጥሉት፤ ጎትታ የምትበላው ይጥማታል። የሚበላ ጓደኛ ካላት ከእሱ ትማራለች። ዳቦውን ደግሞ በየቀኑ እየቀነሳችሁ አስቀሩት።

አንድ ምክር ብቻ አትስሙ፤ «ጦሟን ትዋል፣ ሲርባት ትበላዋለች» የሚለውን። ይህ ለልጅም ለበሬም ይነገራል፤ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ ግን አደጋ ነው። አንጀታቸው ያለማቋረጥ ካልሠራ ይቆማል፤ ማስታወክም አይችሉም። ድርቆሽ ከፊቷ መጥፋት የለበትም። ድርቆሹንም፣ ዳቦውንም፣ ሁሉንም ትታ ጥግ ከያዘች፣ በጠጧ ካነሰ ወይም ከጠፋ፣ ይህ መራጭነት አይደለም፤ በማግስቱ ሳይሆን ዕለቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ። ሐኪሙ ላም ሲያክም የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ስትደርሱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳልበላች፣ መጨረሻ የበላችው ምን እንደሆነና በጠጧን መቼ እንዳያችሁ ንገሩት። ዳቦውን አትደብቁ።